ጠባቂው ራሱ ነጋዴ ሲሆን፦ የዘይላዕና የታጁራ የኮንትሮባንድ ታሪክ



ዘይላዕ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የዑለሞቿ ስም ነው። «ነስቡ ራያ»ን ያዘጋጁት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒይ የሚጠሩት በዚህች የባሕር ዳር ከተማ ነው። ከዚህ አካባቢ ዒልም ፍለጋ ወደ ካይሮ የሄዱ ወገኖቻችን በአዝሀር የራሳቸው ማደሪያ፣ «ሪዋቀል ጀበርት» ነበራቸው። በዚህ እንኮራለን። ነገር ግን ታሪክ የሚያስደስተንን ብቻ መርጠን የምንገዛበት ገበያ አይደለም። ዛሬ የዚያው የባሕር ዳርቻ ሌላ ገጽ እንገልጣለን። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዘይላዕ የሐረር በር ነበረች፤ ታጁራ ደግሞ የሸዋ። ከደጋው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ከባሕር ማዶ ጨርቅ፣ በኋላም ጠመንጃ ይወጣል። ከዕቃው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተነጠቁ የኦሮሞ፣ የጉራጌና የከፋ ልጆች በአንኮበር አጠገብ ባለችው በአልዩ አምባ በኩል እያለፉ፣ የአፋርን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው ታጁራ ይደርሳሉ። ከዚያ በሸራ ጀልባ ወደ የመንና ወደ ሒጃዝ ይሻገራሉ።

ወደቡን የሚያስተዳድረው ማን ነበር? ሹመቱ ራሱ የሚገዛ ነገር ነበር። በየመን ጠረፍ የነበሩት የዑስማንያ ሹማምንት ዘይላዕን በዓመታዊ ክፍያ ያከራዩ ነበር። በ1840ዎቹ የሶማሌው ነጋዴ ሐጂ ሸርማርኬ ዐሊ ሷሊሕ ያዟት። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ የአፋሩ ተወላጅ አቡበክር ኢብራሂም ተረከቡ። ለወንበሩ የከፈለ ሰው የከፈለውን ከነትርፉ ማስመለስ አለበት። በሀገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሹመት ነው።

በ1875 ዘይላዕ ከዑስማንያ እጅ ወጥታ ለግብፅ ተሰጠች። በዚያው ዓመት የግብፅ ጦር ሐረርን ያዘ። ነሐሴ 1877 ላይ ግብፅ ከእንግሊዝ ጋር የባሪያ ንግድን የሚከለክል ስምምነት ተፈራረመች። በወረቀት ላይ ንግዱ አበቃ ማለት ነው።

በዘይላዕ ግን አቡበክር በወንበራቸው ቀጠሉ፤ የፓሻነት ማዕረግም አገኙ። በጊዜው የነበሩ ተጓዦች ደጋግመው እንደጻፉት፣ እኚህ ሰው የባሪያ ንግዱ ዋና ሰው ነበሩ። ታዲያ ለምን አልተሻሩም? ግመሉ፣ መንገድ መሪውና በበረሃው ካሉ ባላባቶች ጋር ያለው ስምምነት በእሳቸውና በልጆቻቸው እጅ ስለነበረ ነው። ሕጉ ካይሮ ነበር፤ ቁልፉ ግን እሳቸው ኪስ ውስጥ። «ባሪያ ፈንጋይ ናቸው» ብሎ የሚጽፈው አውሮፓዊም ቢሆን፣ ወደ ሸዋ ለመውጣት ሲፈልግ ግመል የሚለምነው እሳቸውን ነበር። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ይሏል ይህ ነው።

ሐረርም የተሻለች አልነበረችም። ከተማዋን የያዘው ራኡፍ ፓሻ አሚር ሙሐመድን አስገደለ። በ1878 ጎርደን ከሥልጣን ሲያነሳው፣ ከክሶቹ አንዱ ንግዱን ለግል ጥቅሙ ማዋሉ ነበር።

ክልከላው ታዲያ ምን አመጣ? ንግዱን አላጠፋውም፤ ወደ ጨለማ አስገባው። ከትልቁ ወደብ ይልቅ ታጁራና ራሄይታ፣ ከቀን ይልቅ ሌሊት ተመረጡ። ዝም የሚል ሰው ዋጋው ጨመረ።

የዚህን ሁሉ ዋጋ ማን እንደከፈለ የሚያሳይ አንድ ክስተት አለ። መስከረም 1888 ላይ ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ሦስት የሸራ ጀልባዎችን ያዘች። በውስጣቸው ከ200 በላይ ኦሮሞዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጆች። ወደ ኤደን ተወሰዱ። ከእነሱ 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወደሚገኘው የሎቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። የየአንዳንዳቸው ታሪክ ተጻፈ፤ ከየት መንደር እንደተነጠቁ፣ ማን እንደሸጣቸው፣ በማን በማን እጅ እንዳለፉ። ከመካከላቸው ቢሾ ጃርሳ የምትባል ልጅ ነበረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በአፓርታይድ ዘመን በሮበን ደሴት አሥር ዓመት የታሰረው ምሁር ነው።

ያን መዝገብ ስናስብ የሚያስደነግጠን የፓሻው ስም አይደለም፤ የእጆቹ ብዛት ነው። የሸጠ ጎረቤት፣ ገበያ የከፈተ፣ ቀረጥ የተቀበለ፣ በረሃውን የመራ፣ ጀልባ ያከራየ፣ አይቶ ያለፈ። እያንዳንዱ «እኔ ያደረግኩት ትንሽ ነው» ይል ነበር።

«ዘመኑ ነው፣ አላወቁም» እንዳንል፣ ያውቁ ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በቂያማ ቀን ባላጋራቸው ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነፃ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ መሆኑን ነግረውናል። በ1615 የቲምቡክቱው ዓሊም አሕመድ ባባ ነፃ ሙስሊሞችን በቆዳ ቀለማቸው ብቻ ባሪያ የሚያደርጉትን በመቃወም ጽፈዋል። ሑክሙ ነበረ፤ ያጣነው በወደቡ ላይ የሚያስፈጽመውን ነው።

ዛሬም ከታጁራ ብዙ በማትርቀው ኦቦክ ዳርቻ ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ የሄዱ ወጣቶች ወደ የመን የሚሻገር ጀልባ ይጠብቃሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ እነዚህ በፈቃዳቸው ከቤት ወጥተዋል። ነገር ግን በመንገድ ላይ ታግተው ቤተሰባቸው ገንዘብ የተጠየቀባቸው፣ ባሕር ላይ የሰመጡ ስንት ናቸው? የእጆቹ ሰንሰለትም ያው ነው፤ ደላላው፣ ሹፌሩ፣ በኬላ ላይ ፊቱን የሚያዞረው፣ ጀልባ ያለው።

ደላላው ደግሞ ሁልጊዜ ባዳ አይደለም። በሰፈራችን ቤት የሠራ፣ በሠርጋችን ከፊት የምናስቀምጠው ሰው ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ጠይቀነው እናውቃለን? ወይስ እኛም የበሩ ጠባቂ ሆነን ፊታችንን አዙረናል?

ወላሁ አዕለም።