የተተካ ጉልበት ለምን በአንድ ጎኑ ያልቃል?

መተማ ዮሐንስ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዘመዴ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ግራ ጉልበታቸው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ውጭ አገር ሄደው ያስተኩት ሰው ሠራሽ ጉልበት ነው። ለዚያ ሕክምና የሁለት ዓመት የሰሊጥ ገቢያቸውን አፍስሰዋል። ለስምንት ዓመት ያህል እግራቸው ምንም አላላቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጉልበታቸው ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየቀሰተ፣ ሲራመዱም እየተንቋቋ መጣ። ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያሳየን ነገር ለማንም ግልጽ ነበር። በላይኛውና በታችኛው ብረት መካከል መታየት የነበረበት ክፍተት በውጭው ጎን አለ፤ በውስጠኛው ጎን የለም። ብረት ከብረት ጋር ገጥሟል።

“እንግዲህ የሸጡልኝ ዕቃ መናኛ ነበር ማለት ነው?” አሉ አዛውንቱ።

“ዕቃው ላይሆን ይችላል አባባ። አቀማመጡ ሊሆን ይችላል” አላቸው።

ይህ ጸሐፊ የተማረው ሕግ ነው፤ ሕክምና አያውቅም። ሆኖም “አቀማመጥ” የምትለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኝ ስለ ጉዳዩ ሳነብና የሙያውን ሰዎች ስጠይቅ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

ብዙ ሰው “ጉልበት ተተካ” ሲባል ጉልበቱ በሙሉ ተቆርጦ በቦታው የበር ማጠፊያ የመሰለ ብረት የሚገባ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የጭን አጥንት ጫፍና የቅልጥም አጥንት አናት በስሱ ይከረከማሉ። በጭኑ ጫፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ከኮባልትና ከክሮም ቅይጥ የተሠራ ቆብ ይደፋል። በቅልጥሙ አናት ላይ የብረት ሰሐን ይቀመጣል። ከሰሐኑ ላይ ደግሞ ፖሊኢትሊን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገጠማል። ራጅ ላይ ባዶ ክፍተት መስሎ የሚታየው ይኸው ፕላስቲክ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሰውዬው በቀሪ ዕድሜው የሚራመደው በዚህች 10 ሚሊ ሜትር ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሰው ሲራመድ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጭነት ከክብደቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ያሸክመዋል እንደ ማለት ነው። ጭነቱም በጤነኛ እግር ሳይቀር እኩል አይከፈልም፤ የውስጠኛው ጎን ከግማሽ በላይ ይሸከማል። እዚህ ላይ ነው አቀማመጥ የሚመጣው። ከዳሌ አንጓ መሐል እስከ ቁርጭምጭሚት መሐል ቀጥ ያለ ገመድ ቢወጠር ገመዱ በጉልበቱ መሐል ማለፍ አለበት፤ የቆየው የሙያው ደንብ ይህ ነው። የቅልጥሙ ሰሐን ጥቂት ዲግሪ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ገመዱ ከመሐል ይወጣል፤ ቀድሞውንም ብዙ ይሸከም የነበረው የውስጥ ጎን ጨርሶ ይጫናል። የመተማ ሰው ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም። በገንዳ ውኃና በአይከል በኩል ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ የአይሱዙ ሹፌር፣ ጎማው ከተጣመመ አንድ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ እንደሚያልቅ ያውቃል። አዲስ ጎማ ቢገዛም ጥመቱ እስካልታረመ ድረስ አዲሱም በዚያው ጠርዝ ይበላል።

ስንት ዲግሪ ነው ታዲያ ብዙ የሚባለው? ለብዙ ዓመታት መልሱ “ከሦስት ዲግሪ በላይ” ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት 115 የተተኩ ጉልበቶችን ተከታትሎ ነበር። በሦስት ዲግሪ ክልል ውስጥ ከተቀመጡት መካከል የላሉት 3 በመቶ ሲሆኑ፣ ከክልሉ ከወጡት ግን 24 በመቶ ላልተዋል። ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች 398 ጉልበቶችን አሥራ አምስት ዓመት ተከታትለው ያልተጠበቀ ውጤት አወጡ። በደንቡ መሠረት ከተቀመጡት 15.4 በመቶ፣ ከደንቡ ውጭ ከሆኑት ደግሞ 13 በመቶ እንደገና ተከፍተዋል። ልዩነት የለም ማለት ነው።

ይህን አንብቦ “እንግዲያው አቀማመጥ ዋጋ የለውም” የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ማስረጃው እዚያ ድረስ የሚወስድ አይመስለኝም። ጥናቱ የሚነግረን ሦስት ዲግሪ የገደል አፋፍ አለመሆኑን ነው፤ ገደል የለም ግን አላለም። ደግሞም ፕላስቲኩ ራሱ ተለውጧል። ቀደም ባለው ዘመን ፕላስቲኩ ከጀርም የሚጸዳው አየር ባለበት በጋማ ጨረር ነበር፤ ይህም በጊዜ ብዛት ውስጡን እያደረቀ ተሰባሪ ያደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ኦክስጅን በሌለበት ማሸግ ተለመደ። የፊላደልፊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ እንደገና ከተከፈቱት ጉልበቶች 25 በመቶዎቹ የተከፈቱት በፕላስቲክ ማለቅ ነበር። እዚያው ቦታ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጠና አኃዙ ወደ 3.5 በመቶ ወረደ። ቀዳሚው ምክንያት የብረቱ ከአጥንት መላላት ሆነ፤ ወደ 40 በመቶ። ኢንፌክሽን ተከተለ።

አዛውንቱን ያስገረማቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፕላስቲኩ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ በዓይን አይታይም፤ ሰውነት ግን ያየዋል። ባዕድ ነገርን የሚያጸዱ ሴሎች ብናኙን ይውጣሉ፣ ሊፈጩት ግን አይችሉም። በዚህ ሁከት ውስጥ የሚያመነጩት ነገር በብረቱ ዙሪያ ያለውን አጥንት ያስበላዋል። ለብዙ ጊዜም ሕመም የለም። ሰውዬው ደኅና ነኝ ብሎ እየሄደ ከሥሩ አጥንቱ ይቦረቦራል።

አቀማመጥ ሲባል የግራና ቀኝ ማዘንበል ብቻ አይደለም። የጭኑ ቆብ ወደ ውስጥ ዞሮ ከተቀመጠ የጉልበት ሎሚ ከመንገዷ ትወጣና ጎኗ ይታሻል። የቅልጥሙ ሰሐን ወደ ኋላ የሚኖረው ተዳፋት ከበዛ ደግሞ ጉልበቱ ይዋልላል። ጅማቶቹ በሚዛን ካልተወጠሩ የራጁ መስመር ቢያምርም የሚጠቅም ነገር የለም። በኮምፒዩተርና በሮቦት የሚታገዝ ቀዶ ሕክምና ከመስመር የሚወጡትን ጉልበቶች ቁጥር ቀንሷል። ታካሚው የሚሰማው ልዩነት ግን ማስታወቂያው የሚያወራውን ያህል አይደለም።

አሁን ወደ ቆላው ልመለስ፤ በዕቃው አሠራርና በእኛ አኗኗር መካከል ክፍተት አለ። ተራው ሰው ሠራሽ ጉልበት የተሠራው ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። መተማ ላይ ግን ሰሊጥ ጎንበስ ብለው፣ ቁጢጥ ብለው ያጭዱታል። ሽንት ቤት ቁጢጥ ይባላል። ክርስቲያኑ ይሰግዳል፣ ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ በጉልበቱ ይወርዳል፤ ቡናም ከመሬት እምብዛም ከፍ በማትል ዱካ ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። ጉልበት እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ ጭነቱ በፕላስቲኩ የኋላ ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ኮሪያውያንም እንደኛው መሬት የሚቀመጡ ሕዝብ ናቸውና፣ ብዙ እንዲታጠፍ ታስቦ የተሠራ ጉልበት አስገብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት 72 ጉልበቶችን ሲመረምሩ፣ በአማካይ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 38 በመቶዎቹ በጭኑ በኩል ላልተው ተገኙ። በተለይ የላላው የሚንበረከኩትና ቁጢጥ የሚሉት ሰዎች ጉልበት ነበር። ዘመዴ ይህን የነገራቸው አልነበረም። ቢነገራቸው ሽንት ቤታቸው ላይ መቀመጫ ማሠራት ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነበር።

የሕግ ሰውነቴ የተነሣው ሐኪሙ ቀጥሎ ባቀረበው ጥያቄ ነው። “ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ የተነሡት ራጅ አለ?” የለም። አዛውንቱ ከከረጢታቸው ያወጡት የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነበር። ያ የመጀመሪያ ራጅ ከሌለ ሰሐኑ ከመነሻው ዘንብሎ ተቀምጦ ይሁን፣ ወይስ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ኋላ አጥንቱ ሲበላ ሰምጦ ይሁን፣ ማንም ሊለይ አይችልም። አንደኛው የእጅ ስሕተት ሊባል ይችላል፤ ሁለተኛው የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2031 የሙያውን ደንብ የጣሰ ባለሙያ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ማስረዳቱ ግን የከሳሹ ዕዳ ነው። ቁጥር 2143 ደግሞ የካሣ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ፕላስቲክ በአሥር ዓመት ሲያልቅ “ጉዳቱ የደረሰው” መቼ ነው? በቀዶ ሕክምናው ዕለት? ወይስ ብረት ከብረት በተጋጠመበት ቀን? እኔ ሁለተኛውን እይዛለሁ፤ ተከራካሪዬ ግን የመጀመሪያውን ይዞ ሊሟገተኝ ይችላል። በውጭ አገር ለተደረገ ሕክምና ደግሞ የትኛው አገር ሕግና የትኛው ፍርድ ቤት የሚለው ገና ከፊት ቆሞ ይጠብቃል።

አዛውንቱ ክስ አልፈለጉም። የፈለጉት መራመድ ነው፤ ወረቀቱ ለዚያም ያስፈልጋል። የአንዱ ፋብሪካ ፕላስቲክ በሌላው ፋብሪካ ሰሐን ላይ አይገጥምም። ብረቶቹ ሳይላሉና ሳይጣመሙ ፕላስቲኩ ብቻ ያለቀበት ሰው ፕላስቲኩ ብቻ ሊለወጥለት ይችላል፤ ይህ ግን የፋብሪካውን ስምና መጠኑን ማወቅን ይጠይቃል። ሰሐኑ ዘንብሎ ከሆነ ፕላስቲክ መለወጥ የአይሱዙውን ጎማ መለወጥ ነው፤ ሁሉም ወጥቶ እንደገና መሠራት አለበት። አጥንቱ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ከፊተኛው እጅግ የከበደ ይሆናል።

በያንዳንዱ ዕቃ ማሸጊያ ላይ የፋብሪካውን ስም፣ መጠኑንና የምርት ቁጥሩን የያዙ ተለጣፊ ወረቀቶች አሉ። አንዱ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ይለጠፋል፤ ሌላውን ወይም ቅጂውን ታካሚው ይጠይቅ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቆሞ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያሳይ ራጅ ይነሣ፤ ተኝቶ ጉልበት ብቻ የሚያሳየው ራጅ መስመሩን አይነግርም። ቅጂው በሌላ ከተማ በሚኖር ልጅ ዘንድም ይቀመጥ። ከመተማ ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በግጭቱ ሳቢያ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ለክትትል መሄድ የሚቻልበትን ወቅት አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር ይበጃል። ጉልበቱ ባያምም ራጁ በየጥቂት ዓመቱ ይደገም፤ አዲሱም ከመጀመሪያው ራጅ ጎን ተይዞ ይታይ።