ከደብረ ብርሃን ውርጭ ወደ ሞቃት ባሕር ዳርቻ፤ ምቾትን በአቅም ለማግኘት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲጥልባት የሚያድር ሰው ዕረፍት ሲባል አስቀድሞ ሙቀት ቢያምረው አይፈረድበትም። «ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀምነው ገንዘብ፣ ሳንራቆት፣ ጥቂት ቀን እንደ ባለጸጋ በአሸዋ ላይ የምንጋደምበት ቦታ የት ነው?» የሚል ጥያቄ ከወዳጆቼ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። እኔ ከቦታው በፊት ወሩ ይወሰን ባይ ነኝ። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ በአንዱ ወር በእጥፍ፣ በሌላው በግማሽ የሚሸጥበት ንግድ ነውና።

ቀድሞ መልሱ ቀላል ነበር፤ ምጽዋ ይባላል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም ነጻ አገር ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። በ2010 ዓ.ም የተቀጠለው የአስመራ በረራም በነሐሴ 2016 ዓ.ም መጨረሻ ተቋርጧል። ስለዚህ ምርጫው ከሐይቆቻችንና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ መካከል ነው።

ከሐይቆቻችን ለዋና ላንጋኖን አስቀድማለሁ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ቡናማ ውሃው ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ቀለሙ በውስጡ ከተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር የመጣ ነው። ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎም ይታወቃል። ሐዋሳ ለሽርሽርና ለዓሣ ያማረ ነው፤ ለዋና ግን በቢልሃርዚያ ምክንያት አልመክረውም። አባያና ጫሞ ደግሞ የአዞ ቤት ናቸው። ላንጋኖ የሚሞቀው እኛን ውርጭ በሚያንገበግበን በበጋው ወራት መሆኑ መታደል ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ዋጋ ለይታችሁ ጠይቁ። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይኖር ለድርድር ይበልጥ ይመቻል። ዋጋ ሲነገራችሁ ታክስን ይጨምር እንደሆነ አጣሩ፤ 10,000 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 12,650 ብር ይሆናል።

እውነተኛውን ባሕር ለሚፈልግ ዛንዚባር አለች። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት አይሞላም። እዚህ ላይ ነው የእኛ የዘመን አቆጣጠር ገንዘብ የሚያድነው። ብዙ ቤተሰብ አብሮ የሚያርፍበት ፋሲካ የሚውለው በሚያዝያ ገደማ ነው፤ በዛንዚባር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። ክፍሉ ይረክሳል፣ ነገር ግን ከመስኮት ዝናብ ማየት ለደብረ ብርሃን ሰው ምን አዲስ ነገር አለው? ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸው፤ ሆኖም አውሮፓውያን ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡበት ጊዜ ስለሆነ ዋጋው ይሰቀላል። ገናና ጥምቀትም ፀሐያማ ቢሆኑም የፈረንጆች አዲስ ዓመት እንግዶች ዋጋውን ሰቅለው ይቆዩናል።

ከዕንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያሉት ሳምንታት ግን ለእኛ የተመቻቹ ናቸው። ዝናብ የለም፣ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፣ የእኛዎቹ ገና አልጠነከሩም። ሌላም ጥቅም አለው፤ ፍልሰታ ተፈትቷል። ጾም ላይ ሆኖ ቁርስና እራት የተካተተበትን ዋጋ መክፈል ላልበሉት መክፈል ነው፤ በመስከረም ግን ከረቡዕና ዓርብ በቀር ሁሉም ይበላል።

የባሕሩ ዳርቻም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በምሥራቅ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ ርካሽ ማረፊያ አይጠፋም፤ ነገር ግን ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ይሸሻል፣ ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋማ ይብስበታል። ዋና ለማይችል ጥልቀት የሌለው ውሃ መልካም ነው። በፈለገው ሰዓት ልዋኝ ለሚል ሰው በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንዱዋ ይሻላሉ። ደሴቲቱ የሙስሊሞች አገር እንደመሆኗ ከአሸዋው ወጥቶ ወደ ከተማ ሲገባ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ያስፈልጋል።

ሞምባሳም አማራጭ ናት። ከኬንያ ጋር የቆየ ከቪዛ ነጻ ስምምነት ስላለን ወጪው በዚያ በኩል ይቀላል። ከከተማው በስተደቡብ ያለው የዲያኒ ነጭ አሸዋ ከዛንዚባሩ አያንስም።

ሒሳቡን የሚያናጋው ብዙውን ጊዜ ሆቴሉ ሳይሆን ትርፍራፊው ነው። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ እንግዳ 44 ዶላር የሚያስከፍል የጉዞ መድን እንዲገዛ አስገድዳለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል፤ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መከተብ ያስፈልጋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን አንድ ጊዜ የተከተበ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግለዋል። የሆቴሉ ዋጋ በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቪዛውንና ከባንክ የምታገኙትን የውጭ ምንዛሪ ሳታረጋግጡ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ።

የእኛ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመንገዱ ያለው የጸጥታ ሁኔታ በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ግጭቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ተለዋዋጭ ስለሆነ፣ በበረራው ቀን ማለዳ ከቤት እነሣለሁ ማለት አያዋጣም። አንድ ቀን ቀድሞ ወርዶ ማደር፣ የአዳሩንም ወጪ ከወዲሁ ከበጀቱ ማስገባት ነው። ለላንጋኖ ተጓዥም ከባቱ በታች ስላለው መንገድ ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ወባን አንርሳ። ደጋ ያደገ ሰው ለበሽታው የተለማመደ ሰውነት የለውም፤ የላንጋኖ አካባቢም የሞምባሳም ጠረፍ ወባማ ነው። ስለ መከላከያው መድኃኒት ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፣ ክፍሉ አጎበር እንዳለው ጠይቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁም ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ ተከናንባችሁ አትተኙ፤ የት እንደነበራችሁ ለጤና ጣቢያው ተናግራችሁ ደማችሁን አስመርምሩ።