«ተገለጸ» ያላለው ጋዜጠኛ

ቡልጋሪያ ማዞሪያ አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ነጋዴ ዘንድ በሲባጎ የታሰረ የ1974 ዓ.ም. አዲስ ዘመን አግኝተን ሁለት ቀን ተቀባብለን አነበብነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከኤምባሲው ነው፤ ያን ጊዜ ቡልጋሪያ ከ«ወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች» አንዷ ነበረች። በጋዜጣው ስለ መንግሥት ሥራ የማይወራበት ገጽ ማግኘት ይቸግራል። ታዲያ አንብበን ስናበቃ ማን ምን አደረገ ብለን ብንጠያየቅ መልስ አጣን።

ነገሩ ያለው ግሱ ላይ ነው። ተገለጸ፣ ተመለከተ፣ ተወሳ፣ ታወቀ። ለመሆኑ ማነው የገለጸው? ሰው ብቅ ያለ እንደሆነም ወይ «አሳሰቡ» ነው ወይ «አስገነዘቡ»። ባለሥልጣን ሲያመነታ፣ ሲፈራ፣ ከባልደረባው ጋር ሲናቆር የሚጻፍበት ግስ የለም። (ዛሬም ቢሆን «ተገለጸ» ጡረታ አልወጣም።)

ይህን ቋንቋ ከነጓዳው የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ በዓሉ ግርማ። ጋዜጠኝነትን አሜሪካ ሚሺጋን ተምሮ መጥቶ በመነን፣ በአዲስ ሪፖርተር፣ በሄራልድና በአዲስ ዘመን አዘጋጅነት ሠርቷል። ከአብዮቱ በኋላ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። እዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም፦ ጋዜጣው ምን እንዲል፣ ምን እንዳይል የሚወሰንበት መሥሪያ ቤት ይኸው ነው። በዓሉን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቃዋሚ አድርገው የሚያወሩልን ሰዎች ይህንን ይዘሉታል። በ1972 ዓ.ም. የወጣው «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ም ከአብዮቱ ጎን የቆመ ልብ ወለድ ነው።

በጥር 1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ አሥመራ ላይ ተከፈተ። «ሁለገብ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ጦርነቱ ብቻ ሳይሆን የፋብሪካዎች ጥገና፣ የመልሶ ግንባታ ሥራና ቅስቀሳም የዕቅዱ አካል ነበሩ። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው አሥመራ ከተሙ። የጦሩ ዋና ግብ ሻዕቢያ የመሸገባትን ናቅፋን መያዝ ነበር። ናቅፋ አልተያዘችም። ለዚህኛው ዜና «ተገለጸ» የሚለው ግስ አላገለገለም።

በዓሉ በቅስቀሳው ሥራ ዘምቶ የነበረ ሰው ነውና ያየውን ይዞ ተመለሰ። የት ይጻፈው? በጋዜጣ እንደማይሆን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ወጣ። ቃሉ ከጣሊያንኛ ወደ አሥመራ አፍ የገባ ነው፤ አለቀ፣ አበቃለት እንደ ማለት። ባለታሪኩ ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ የመጣውም ለዘመቻው ቅስቀሳ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ባለሥልጣኖች አያሳስቡም፤ ይጠጣሉ፣ ይቀናናሉ፣ ይጠራጠራሉ፣ ስብሰባ ላይ ያሉትን ማታ ያፈርሱታል። ሰዎቹን የሚያውቁ አንባቢዎች ስማቸው ቢቀየርም ለይተዋቸዋል። እኛ እንደሚመስለን ያስቆጣው የናቅፋ ሽንፈት ብቻ አይደለም። ሽንፈቱንማ ከግንባር የተመለሰው ወታደር ሁሉ ያወራው ነበር። ያስቆጣው ግሱ ባለቤት ማግኘቱ ነው፤ ውሳኔው ከነወሳኙ ታየ።

የፍቅሩን ታሪክ፣ የፊያሜታን ነገር፣ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። አንዳንዶቻችን እሱን ብቻ አንብበን ጦርነቱን ዘለን እንደነበር ግን እናምናለን።

መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። የተረፈው በስውር ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ፤ መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች።

ደርግ ከወደቀ በኋላ «ኦሮማይ» ደጋግሞ ታትሟል፤ እኛም ያነበብነው ከነዚሁ እትሞች አንዱን ነው። የበዓሉ አስከሬን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከነጋዴው የገዛነው ጥራዝ የሰኔ 1974 ዓ.ም. ላይ ያበቃል። የመጨረሻውን ቅጠል ገልብጠን ናቅፋ የሚል ቃል ፈለግን፤ አጣን።