የትንሿ ፈረስ ትልቅ ዕዳ



ከውሻ የማይበልጡ ፈረሶች ሰው ቤት ምንጣፍ ላይ ጉብ ጉብ ሲሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች እዚህ መንደር ሁሌም ይዞራሉ። ከሥራቸው የሚጻፈውም ያው ነው፦ «ስታምር!»፣ «የት ይሸጣል?»። እስቲ ዛሬ እነዚህ ፈረሶች ከየት እንደመጡ እናውራ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

የታሪኩ አንዱ ሥር የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነው። በ1842 የእንግሊዝ ፓርላማ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች የማዕድን ሥራ እንዳይሠሩ ከለከለ። ሕጉ መልካም ነበር። ግን ከሰሉን ማን ይጎትት? የዋሻው ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ትልቅ ፈረስ አይገባበትም። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ወዳሉት የሼትላንድ ደሴቶች ዞረ። እዚያ ብርዱንና ነፋሱን የለመዱ፣ ቁመታቸው ከ107 ሳንቲ ሜትር የማያልፍ ጠንካራ ፈረሶች አሉ። የከሰል ጉድጓዶች ባለቤት የነበሩት የለንደንዴሪ ማርኪስ በ1870ዎቹ ብሬሴይና ኖስ በሚባሉት ደሴቶች ላይ ማራቢያ አቋቋሙ። የሚፈለገው አጭር፣ ግን ደልደል ያለና ብዙ የሚጎትት ፈረስ ነበር። በ1913 አካባቢ በብሪታንያ ጉድጓዶች ውስጥ 70,000 ገደማ ትልልቅና ትንንሽ ፈረሶች ይሠሩ ነበር።

የሼትላንድ ፈረሶች ወደ አሜሪካም ተሻገሩ፤ እዚያም የከሰል ጉድጓድ ገቡ። በኋላ ማሽን መጣና ሥራቸውን ወሰደ። ትንሽነታቸው ግን ገበያ አላጣም፤ እንዲያውም ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆነ። በአርጀንቲናም የፋላቤላ ቤተሰብ በትውልድ ቅብብሎሽ ትንንሽ ፈረሶችን ሲያረባ ኖሯል። በ1978 የአሜሪካ ሚኒየቸር ፈረስ ማኅበር ሲቋቋም መስፈርት ወጣ፦ ከመሬት እስከ ጋማው መጨረሻ ሲለካ ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ መብለጥ የለበትም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። ሚኒየቸር የሚባለው ጤነኛው ፈረስ ሁሉ ነገሩ ተመጣጥኖ ያነሰ ነው፤ ፎቶውን ብቻ ብታዩት ትልቅ ፈረስ ይመስላችኋል። ድንኩ ግን ሌላ ነው። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ፣ ግንባሩ ወጣ ያለ፣ እግሮቹ አጫጭርና የተጣመሙ ናቸው። ትንሹን ከትንሽ እያዳቀሉ «አሁንም ይነስ» ማለት ሲበዛ ድንክነት ተከትሎ መጣ። ማኅበሩ ራሱ ድንክነት ያለበትን ፈረስ ከመስፈርቱ ውጭ ያደርጋል።

ምክንያቱስ? ባዮሎጂ የተማራችሁ ሜንዴልን አስታውሱ። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤካን በሚባለው ጂን ላይ ለድንክነት ምክንያት የሆኑ 4 ለውጦችን አግኝተዋል። ይሄ ጂን አጥንት የሚያድግበትን ካርትሌጅ ለመሥራት ያስፈልጋል። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ፈረስ ተሸካሚ ነው፤ ሲያዩት ምንም አይታወቅበትም። ሁለት ተሸካሚዎች ከተዳቀሉ ግን ውርንጭላው ድንክ የመሆን ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። አንዳንዱ ጥምረት ደግሞ ከነጭራሹ ያስወርዳል።

የተወለደውም ኑሮው ቀላል አይደለም። በአጭሩ መንጋጋ ውስጥ ጥርስ ይጨናነቃል፤ የላይኛውና የታችኛው ስለማይገጥም ሣር ማኘክ ያስቸግራል። አፍንጫና የአየር ቧንቧ ሲጠቡ ትንፋሽ ያጥራል። የተጣመመ እግር ሰውነትን ሲሸከም መገጣጠሚያው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ኮቴውን በየጊዜው የሚያስተካክል ባለሙያና ጥርሱን የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ እንደ ጤነኛው ረጅም ዕድሜ አይኖሩም።

በጣም የታወቀችው በ2001 በአሜሪካ ሚዙሪ የተወለደችው ታምበሊና ናት። ድንክነት ነበረባት። በ2006 ጊነስ 44.5 ሳንቲ ሜትር ለክቶ በሕይወት ካሉ ፈረሶች ሁሉ ትንሿ ብሎ መዘገባት። እግሯን የሚደግፍ መሣሪያ ታደርግ ነበር። የታመሙ ሕፃናትን እየጎበኘች ብዙ ልጅ አስደስታለች። በ2018 ሞተች።

«ገራም ናቸው» ይባላል፤ እውነትም ብዙዎቹ ሰው ይወዳሉ፣ ከእጅ ከእጅ አይጠፉም። ግን ፈረስ አውሬ የሚያድነው እንስሳ ነው፤ ሕመሙን መደበቅ በደሙ ያለ ነው። በረት ውስጥ ጥግ ይዞ ዝም ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተኛ ድንክ ፈረስ ጨዋ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ እግሩን አሞትም ሊሆን ይችላል። ጠባዩን ከማድነቅ በፊት ጤናውን መጠየቅ ይሻላል። ደግሞም ትንሽ ሆነ እንጂ ያው ፈረስ ነው፦ መስክ ይፈልጋል፣ ቢጤውን ይፈልጋል። ሶፋ አይበቃውም።

የታሪክ ትምህርት እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ትናንት ዋሻው ስለጠበበ ፈረሱን አሳጠርነው፤ ዛሬ ዓይናችን ስለወደደ። የትናንቱ ቢያንስ እንጀራ ነበረው። አሁን የጂን ምርመራ ስላለ ተሸካሚን ከተሸካሚ አለማዳቀል ይቻላል፤ ቀድሞ የተወለደውን ደግሞ በወጉ መንከባከብ ነው። «የት ይሸጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በበዛ ቁጥር ግን ለማሳነስ የሚሽቀዳደም አርቢ አይጠፋም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከታች ጻፉልኝ። ደህና እደሩ።