የቅርንፉድ ዛፍና ምሳር

ቅርንፉድ በአገራችን ማድ ቤት የታወቀ ቅመም ነው። በሻይ ይፈላል፤ በበርበሬም ውስጥ ከኮረሪማና ከሌሎች ቅመሞች ጋር ይገባል። ብዙዎቻችን ግን ፍሬ ወይም የእንጨት ስባሪ ይመስለናል እንጂ አበባ መሆኑን አናስበውም። ቅርንፉድ ሳይፈነዳ ተለቅሞ በፀሐይ የደረቀ የአበባ እንቡጥ ነው። ዛፉም በአገራችን ከሚበቅለው ከዶቅማ ጋር የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ባሕር ዛፍና ዘይቱንም ከዚሁ ወገን ይቈጠራሉ።

የቅርንፉድ የትውልድ አገሩ በዛሬይቱ ኢንዶኔዥያ በስተ ምሥራቅ የሚገኙት ተርናቴ፣ ቲዶሬ፣ ሞቲ፣ ማኪያንና ባቻን የተባሉት ደሴቶች ናቸው። በጥንታዊት ቻይና በሐን ነገሥታት ዘመን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የሚቀርብ ሹም አፉ መልካም ሽታ እንዲኖረው ቅርንፉድ ይጎርስ እንደ ነበር ተጽፎ ይገኛል። ፖርቱጋሎች ወደ ደሴቶቹ የደረሱት በ1512 ዓ. ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ማጄላን በ1519 በአምስት መርከቦች ከጀመረው ጉዞ፣ ዓለምን ዞራ በ1522 ወደ ስፓኝ የተመለሰችው ቪክቶሪያ የተባለችው መርከብ ብቻ ስትሆን፣ ጭነቷም ቅርንፉድ ነበር።

ትርፉ ይህን ያህል ከሆነ ዘንድ ዛፉን ለብቻው ለመያዝ የሚመኝ አልጠፋም። በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1652 ከተርናቴ ሱልጣን ጋር ተዋውሎ፣ ቅርንፉድ በአምቦንና በአጠገቧ ባሉት ጥቂት ደሴቶች ብቻ እንዲተከል፣ በሌላው ስፍራ ያለው ግን እንዲቈረጥ አደረገ። ይህንንም ያደረገው ዋጋው እንዳይረክስ ነው። ለሱልጣኑ በየዓመቱ ገንዘብ ይከፈለው ነበር፤ ዛፉን ያሳደገው ገበሬ ግን ያገኘው ምሳርን ነው። የጦር ጓድ በብዙ ቀዛፊ በሚነዱ ታንኳዎች ከደሴት ወደ ደሴት እየዞረ ተክሉን መነጠረ። እምቢ ብሎ የተነሣው የሆአሞአል ሕዝብም ብዙው አልቆ የተረፈው ከመሬቱ ተነቅሎ ተጋዘ።

የዚህን ግፍ ክብደት ለመመዘን የዛፉን አስተዳደግ ማወቅ ያስፈልጋል። ዘሩ ከተለቀመ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተዘራ ይመክናል። ችግኙ በጥላ ሥር ይበቅላል፤ ወደ እርሻ ከተዛወረም በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሙዝ ወይም በሌላ ተክል ይጠለላል። ብዙ ዝናም ይወዳል፤ ውሃ በሚያቍር መሬት ግን አይበረክትም። አበባ መስጠት የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ዓመት ሲሆነው ነው፤ ሙሉ ምርት ለመስጠት 20 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ከመቶ ዓመትም በላይ ሊኖር ይችላል። እንቡጡ ከአረንጓዴነት ወደ ቀይነት ሲያደላ፣ ገና ሳይፈነዳ፣ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማል። ከፈነዳ ዋጋው ይወድቃል፤ ለቃሚው ቅርንጫፉን ከሰበረም የሚመጣውን ምርት ይጎዳል። እንግዲህ ምሳር በአንድ ሰዓት የሚጥለው አባት ተክሎት ልጅ የሚለቅመውን ርስት ነው።

ይሁን እንጂ ዘር ታስሮ አይቀርም። የሞሪሺየስ አስተዳዳሪ የነበረው ፈረንሣዊው ፒየር ፗቭር የላካቸው መርከቦች በ1770 የቅርንፉድ ችግኝ በስውር አመጡለት። ከዚያም ተክሉ ወደ ሬዩንዮንና ወደ ካየን ተዛመተ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ዛንዚባር ገባ። በዚያ የነገሠው ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ባለርስቶቹን በአንድ የኮኮናት ዛፍ ልክ ሦስት ቅርንፉድ እንዲተክሉ እንዳዘዘ ይነገራል። ደሴቲቱ በለጸገች፤ ነገር ግን ቅርንፉዱን የሚተክሉትና የሚለቅሙት ከአፍሪቃ ምድር ተማርከው የመጡ ባሮች ነበሩ። በ1872 ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ የዛንዚባርን ደሴት ተክል አብዛኛውን ገነደሰው፤ ፔምባ የተባለችው ጎረቤቷ ግን ስለ ተረፈች የቅርንፉድ ዋና ምድር ሆነች። የባሪያ ገበያው በ1873 ተዘጋ፤ ባርነትም በሕግ የተሻረው በ1897 ነው።

ኩባንያው ራሱ በ1799 ፈረሰ። ምሳሩ ያወረሰው ነገር ግን ቶሎ አልጠፋም፤ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የቅርንፉድ እናት የሆነችው ኢንዶኔዥያ ቅርንፉድን ከዛንዚባር ትገዛ ነበር። ዛሬ ግን ሕዝቧ መልሶ በመትከሉ ከዓለም አብላጫውን የምታመርተው እርስዋ ናት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። ዛፍን በትእዛዝ መቍረጥ ይቻላል፤ በትእዛዝ ማሳደግ ግን አይቻልም፤ ዕድሜውን መጠበቅ ግድ ነው። ስለ ተክል ደንብ የምናወጣም ሆንን በትምህርት ቤት ችግኝ የምናስተከል ሁላችን አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ ዛፉን ማን እንደሚያጠጣውና ፍሬውን ማን እንደሚለቅመው ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ ዛፉ ጠባቂ አያጣም።