10 ኪሎ ሜትር
የኃይሌ ገብረሥላሴን ታሪክ የማያውቅ የለም። አርሲ ውስጥ ደብተሩን በግራ እጁ ሸጉጦ፣ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ተማረ። እኛ የኮልፌ ልጆች ታክሲ ተጋፍተን ስለምንማር ታሪኩ ሁሌም ያስቀናናል።

በዚያው አርሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ግን፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች። ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተሟግቶላት ነፃ ወጣች፤ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የእሷ ታሪክ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊው «አገባታለሁ» ብሎ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ደፈነ። መንገዱስ? ለብዙ የገጠር ልጅ ዛሬም በእግር ነው።

ድሮ ርቀቱን አዳሪ ትምህርት ቤት ይፈታው ነበር። እዚሁ እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ከክፍለ ሀገር የመጡ ተማሪዎችን ያሳድር ነበር። ጥቂቶችን፣ ያውም ወንዶችን።