የካይባብ ዋላዎች፦ የአንድ ማስተማሪያ ምሳሌ ታሪክ

አዳኝ አራዊት የዋላን ብዛት እንደሚወስኑ ለማስረዳት በሥነ ሕይወት ትምህርት ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው፣ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ከግራንድ ካንየን በስተሰሜን የሚገኘው የካይባብ አምባ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 አምባውን የዱር አራዊት ጥብቅ ክልል አደረጉት። ዋላ ማደን ተከለከለ፤ ዋላን የሚበሉ አራዊት ግን እንዲገደሉ ተወሰነ። እስከ 1939 ድረስ ከ800 በላይ ፑማዎችና የተኩላ ዘመድ የሆኑ ከ7,000 በላይ ኮዮቲዎች ተገደሉ፤ ተኩላውም ከአምባው ጨርሶ ጠፋ። ፑማ ያደገውን ዋላ ጭምር ሲጥል፣ ኮዮቲ ይልቁንም ግልገሉን ያጠቃል። በ1906 በ4,000 የተገመተው ዋላ በ1924 100,000 ደረሰ ተባለ። ቅጠሉና ቡቃያው ተግጦ አለቀ፤ በተከታዮቹ ሁለት የበረዶ ወራትም ብዙው በረሃብ ሞተ። አልዶ ሊኦፖልድ በ1943 ይህን በግራፍ አሳየ፤ ታሪኩም ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ።

በ1970 ግን ግሬም ካውሊ የተባለ የሥነ ምህዳር ሊቅ የአኃዞቹን ምንጭ መረመረ። የ1924ቱ ግምት አንድ አልነበረም፤ የደኑ ኃላፊ የገመቱት 30,000 ብቻ ነበር። ከዚህም በላይ በ1889 195,000 ያህል የነበረው በግ በ1908 ወደ 5,000 በመውረዱ ለዋላው ግጦሽ ተርፎለታል። የአደኑ ክልከላ፣ የአዳኝ አራዊቱ መገደልና የበጉ መቀነስ በአንድ ዘመን ስለ ተፈጸሙ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መናገር አልተቻለም። በመሆኑም ታሪኩ ከብዙ መጻሕፍት ወጣ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2006 ዳን ቢንክሊና ባልደረቦቹ በአምባው ላይ ያሉትን አስፐን የተባሉ ዛፎች ዕድሜ ቢመረምሩ፣ ዋላው በዛ በተባለበት ዘመን በቅለው ለማደግ የበቁት እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። ይህም ዋላው በእርግጥ በዝቶ እንደ ነበር የሚደግፍ ማስረጃ ነው፤ የመብዛቱ ብቸኛ ምክንያት የአዳኝ አራዊቱ መጥፋት ስለ መሆኑ ግን ዛፉ ብቻውን አይመሰክርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ታሪኩን ለዕጩ መምህራን ያስተማረው በመጀመሪያው መልኩ፣ ያለ ጥያቄ ነበር። አሁን ግን ምሳሌው መጣል ሳይሆን ከነክርክሩ መሰጠት እንዳለበት ያምናል። ተማሪው 100,000 የሚለውን አኃዝ ከመያዙ በፊት “ማን ቆጠረው? እንዴትስ ቆጠረው?” ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ዕቅድ አውጪም ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ለውጦ ውጤቱን ለአንዱ ብቻ ከመስጠት ይጠንቀቅ።